አያት አትነካ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጅምላ አከፋፋዩ ዛሬ ራሱ መጣ። ሰባት ቅርንጫፍ አለው፤ የሰባቱንም ሥራ እኛ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይፈልጋል። መልስ በወር ውስጥ። የቀረበለትን ሻይ አልነካም፤ የተቀመጠውም ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ወንበር ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ደንበኛ ሌላም ቤት ያንኳኳ ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ ተምሬዋለሁ።

ወንድሜን ጠራሁት። «ቋቱ ሞልቷል፤ ሦስተኛ ሰርቨር ካልገዛን አይገባም» አለ። እዚያው ሰውየው ፊት።

ሥራችን ለሚያየው ቀላል ነው። ሁለት ትልልቅ ሰርቨሮች አሉን። በሶፍትዌር ከፋፍለን እንደ ሠላሳ አንድ ትንንሽ ኮምፒውተር እናከራያቸዋለን፤ ለጥርስ ሠሪው፣ ለመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው፣ ለመድኃኒት መጋዘኑ። ሜሞሪውም ሌላውም ጉልበት የሚወጣው ከአንድ የጋራ ቋት ነው። አንዱ ማሽን ሲጨናነቅ ካልተጨናነቀው ቀንሶ መጨመር ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በእጁ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ። ደንበኞች «ጭልፋው» ይሉታል። «ጭልፋው፣ አንድ ጨምርልኝ!» ብለው ይደውላሉ። እሱም ደስ ይለዋል።

ማሽኖቹን በደንበኛው ስም አይጠራም፤ የራሱ ስም አውጥቶላቸዋል። መጋዘኑ «አማች» ነው፤ ቢሰጡት ቢሰጡት አይበቃውም። ማሠልጠኛው «ምራት» ናት፤ ሳትናገር ታኮርፋለች። ከእሱ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ድርጅት ድርጅት አይደለም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ረቡዕ ረቡዕ ወንድሜ እናታችንን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይወስዳል። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው፤ እዚያ ውስጥ ስልክ ያስጠፋሉ።

በአራት ሰዓት መጋዘኑ ቆመ። «ጭልፋውን አቅርቢልኝ!» አለ ሰውየው። የለም አልኩት። «ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። ማያው ፊት ተቀምጬ የሌላ ሰው ሕፃን ሲያለቅስ እንደሚያይ ሰው አየሁት፤ የት እንደሚያዝ አላውቅም። ወንድሜ በስምንት ሰዓት መጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው።

በሁለት ደቂቃ። ያናደደኝ ይኸው ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ፕሮግራመሩ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ማሽን ዐሥራ አራት ቀን ያያል። ከተሰጠው ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ የማይጠቀመውን ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፤ ድርሻውን እስከ ዝቅተኛው ልክ ቀንሶ ወደ ቋቱ ይመልሳል፤ ለሚያስፈልገው ይሰጣል። ቀንም ሌሊትም፣ ማንም ሳይነካው።

«ዝርዝሩን ምን እንበለው?» አለ።

«ሥራ ፈት» አልኩ። ወዲያው ጻፈው።

ወንድሜ ገመድ እየጠቀለለ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ሥራ የፈታና ዝም ያለ አንድ ነው?» አለ።

«ለማሽን አንድ ነው፣ ጋሼ» አለው ፕሮግራመሩ በትሕትና።

«ማሽኑን አይደለም የጠየቅኩት» አለና ገመዱን ይዞ ሄደ።

ለእሱም ዕረፍት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኩን ትራስ ሥር አድርጎ ነው የተኛው። ሚስቱ ነች የነገረችኝ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሦስተኛ ሰርቨር እንግዛ አለኝ። አሁንም። መልሴ፦ ቋቱ የሞላው በተሰጠው እንጂ በተበላው አይደለም። ግማሹ ተሰጥቶ የተቀመጠ ነው። ወንበር ላይ ጃኬቱን ጥሎ የወጣ ሰው ቦታ ያዘ ይባላል እንጂ ተቀመጠ አይባልም።

«የጃኬቱ ባለቤት ሲመለስስ?» አለ።

«ፕሮግራሙ ያስነሳለታል።»

ቁጥሩ ከእኔ ጋር ነው። ወንድሜም ያውቀዋል። ተሸንፎ ሲከራከር ድምፁ ይቀንሳል፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት የማይነኩት ማሽኖች ስም መግባት አለበት። ፕሮግራመሩ እስከ ስድስት ሰዓት አለ። የወንድሜ ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ትናንት ማታ ትቶልኝ ነው የሄደው። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ ዐሥራ ዘጠኝ መስመር። ቴክኒክ መስሎኝ ነበር፤ የቤተሰብ ጉባኤ ነው። «አማች፦ ሰኞ ጠዋት ይርበዋል፤ ቀድማችሁ ስጡት።» «ምራት፦ ፈተና ባለበት ሳምንት አትቀንሱባት፤ ታኮርፋለች።» ብቻዬን ሳቅሁ።

ዐሥራ ሰባተኛው መስመር፦ «አያት አትነካ።» ሌላ ማብራሪያ የለውም።

አያት ማለት እናታችን ናት። በወንድሜ ቤት ልጆቹም ሚስቱም እሱ ራሱም እንዲያ ነው የሚሏት። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰባኛ ዓመቷን ሲያከብሩ ያነሡትን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ እኛ ሰርቨር ላይ ጭኖት ደርሼበት ነበር። «የድርጅት ቋት የቤተሰብ አልበም አይደለም» ብዬ አስወጣሁት። ይኸው በጓሮ በር መልሶ አስገብቶታል። ማሽኑን አየሁት፤ በስሙ የተመዘገበ ደንበኛ የለም። ድርሻው ትልቅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ። ለአከፋፋዩ ሁለት ቅርንጫፍ የሚበቃ ቦታ ላይ ተኝቷል።

ጠይቄው ነበር፤ ትከሻውን ነቀነቀ። አረንጓዴ እስክሪብቶዬን አንሥቼ አንድ መስመር ሰረዝኩበት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ፕሮግራመሩ።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩት። ሩብ ጉዳይ ለስድስት ተላከ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። የእናታችን የግራ ዓይን ብርሃንና ጥላ መለየት ጀምሯል። «ዝርዝሩ ሄደ?» አለኝ። ሄደ አልኩት። «ተመስገን» አለ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ፕሮግራሙ ለጊዜው ያያል እንጂ አይነካም። በየጠዋቱ፣ ቢነካ ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር በወረቀት ይሰጠኛል። ዛሬ ዘጠኝ ሥራ ፈት አገኘ። የዘጠኙ ድርሻ ሲደመር አከፋፋዩን ከነሰባት ቅርንጫፉ ይችላል። ሦስተኛ ሰርቨር ሳይገዛ! ለአከፋፋዩ ደወልኩ። «እሺ» አለ። በድምፁ ብቻ ወንበሩ ላይ ደገፍ እንዳለ ታወቀኝ።

ወረቀቱን ለወንድሜ አላሳየሁትም። መነካካት ይወዳል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ምሳ በወንድሜ ቤት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንዴም አልጮኸም። ከሐሙስ ጀምሮ የደንበኞችን ጥሪ ወደ እኔ አዙሬዋለሁ፤ እንዲለምዱት።

ሚስቱ ወጥ ቤት ለእህቷ ስትነግራት ሰማሁ፦ «ስልኩ ዝም ካለ ወዲህ ሰውየውም ዝም ብሏል። ምነው ስልኩ በጮኸ አልኩ፣ እኔ።» ዕረፍትም ልማድ ይፈልጋል።

ትንሿ ልጁ፣ «አባዬ ዛሬ ለምን ሥራ አልሄደም?» አለች። ሁሌ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይገባ ነበር። «አባትሽማ ሥራ ፈት ሆኗል፤ ማሽን ተክቶታል» አልኳት። ለጨዋታ ነው። ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ፤ ከሁሉም ዘግይቶ።

እናታችን ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «ልጄን ሥራ ፈት ያለችው ማናት?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ቀልድ ነው።»

«ድምፅሽንማ አወቅኩት። ያላወቅኩት ቀልዱን ነው» አለች።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ደብዳቤውን ጻፍኩ። አጭር ነው። የቋቱ ሥራ ወደ ፕሮግራሙ ተዛውሯል፤ እሱ የደንበኛ አገልግሎት ኃላፊ ይሆናል። ማባረር አይደለም። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ማባረር የሚል ቃል የለበትም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አንብቦ አጠፈው። «የደንበኛ አገልግሎት ማለት ስልክ ማንሳት ነው?»

«እሱም አለበት።»

«ስልኩ እኮ አሁን አንቺ ጋ ነው የሚጮኸው» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ከተቆጣ ሰው ጋር መደራደር እችላለሁ።

ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየፈታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የማሽን ክፍሉ፣ የኋላ በሩ፣ የዲስክ ካቢኔቱ። ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«አያትን እሑድ እሑድ ብቅ እያልሽ እዪያት» አለኝ።

«እመጣለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ልቤን ነካኝ። በእንዲህ ያለ ቀን እንኳ የሚያስበው ለእሷ ነው።

የቢሮ ኢሜይሉ እንዲዘጋ አዝዣለሁ። ደንቡ ነው፤ ለማንም ቢሆን።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ፕሮግራሙ ከትናንት ጀምሮ ራሱ ይሰጣል፣ ራሱ ይነሣል። ሁሉም አረንጓዴ። ደክሞኛል፤ እናቴ ዘንድ አልሄድኩም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

የአከፋፋዩ ሦስት ቅርንጫፎች ገቡ። መጋዘኑ ሰኞ ጠዋት አልደወለም። ማሠልጠኛው አላኮረፈም። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጸጥ ያለ ሳምንት አላየሁም። ይህን ወንድሜ ቢያየው ምን ይል ይሆን? ምንም አይልም። ትከሻውን ይነቀንቃል።

መጋቢት 14፣ እሑድ

አልሄድኩም። ምን ብዬ እገባለሁ? ሚስቱ በሩን ስትከፍት ፊቷ ይታየኛል።

መጋቢት 21፣ እሑድ

አከፋፋዩ ሰባቱንም ቅርንጫፍ ጨርሶ አስገባ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነበርኩ። ለእናቴ ደወልኩ፤ ተኝታለች አሉኝ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ደረጃ ላይ። ሁለት የማሠልጠኛው ሠራተኞች ከላዬ ይወርዳሉ፤ አላዩኝም።

«ጭልፋው ወዴት ሄደ ግን?»

«እህቱ ናታ! ወጡ ወጥቶ ሲያልቅ ጭልፋውን ወረወረችው።»

ሳቁ። ግድግዳውን ተጠግቼ እስኪያልፉ ጠበቅሁ። የራሴ ሕንፃ፣ የራሴ ደረጃ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

እስከ ደጃፉ ሄድኩ። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ እንግዳ አለባቸው። ብርቱካን ይዤ ነበር። በሩ ሥር አስቀምጬው ተመለስኩ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ዝናብ። የፕሮግራሙ ወረቀት፦ ሁሉም አረንጓዴ። አልሄድኩም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሦስት ሰዓት ከሩብ። የዲስክ ካቢኔቱ ቆመ። የሁሉም ደንበኛ ፋይል ያለው እዚያ ነው።

አራት ሰዓት። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ሄደ። አንዱ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር አሉ። ስልኩ አያቋርጥም።

አምስት ተኩል። ፕሮግራመሩ፦ «ይሄ የእኔ ክፍል አይደለም፤ የእኔ ቋቱ ነው።» ቋቱ ደህና ነው። ቋቱ ውስጥ የሚፈስ ነገር ጠፋ እንጂ።

ሰባት ሰዓት። መጠባበቂያ ቅጂ አለ አይደል? አሉኝ። አለ አልኩ። የት ነው? አላውቅም።

ሰባት ከዐሥር። ለወንድሜ ደወልኩ። ስልኩ ጠፍቷል። ረቡዕ ነው፤ ሐኪም ቤት ነው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት መጣ። መልእክቴን ሰምቶ እናታችንን ቤት አድርሶ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ ቀጥታ ማሽን ክፍል ገባ። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም፣ ማን አደረገ ብሎም አልጠየቀም። ማያው ፊት ተቀምጦ ጥቂት ፈለገና እንዲህ አለ፦

«አያት የት አለች?»

«ቤት አይደለችም እንዴ? አሁን አደረስኳት አላልክም?» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። እስካሁን እንዲያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። አንድን ዕቃ የት እንዳስቀመጠው ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነበር የሚያየኝ።

«ማሽኗን ነው የምልሽ» አለ።

ከዚያ በቀስታ ነገረኝ። አያት የማንም ደንበኛ አይደለችም። ሳምንቱን ሙሉ ትተኛለች። እሑድ ማለዳ፣ ደንበኞች ሁሉ ሥራ ባቆሙበት ሰዓት፣ ትነሣና የሠላሳውንም ፋይል ቀድታ በሌላ ሕንፃ ባለው ዲስክ ላይ ታኖራለች። «ስትተኛ ላያት አሮጊት ናት፤ ግን በዚህ ቤት ውስጥ የሁሉንም የምታስታውስ እሷ ብቻ ናት» አለ። ስሙን ያወጣላት ለዚያ ነው።

ፕሮግራሙ ከሰባት ቀን ስድስቱን የምትተኛ ማሽን አገኘ። በዝርዝሩ ላይ ስሟ የለም። ድርሻዋን ወስዶ ለአከፋፋዩ ሰጠው። እሑድ ማለዳ ለመነሣት ስትሞክር የምትነሣበት አቅም አጣች፤ ሳትነሣ ደግሞ ፕሮግራሙ የፈለገች አይመስለውም። ማሽኗ ስላልጠፋች ወረቀቱ አረንጓዴ ነው የሚለው፤ ሥራዋን ትሥራ አትሥራ የሚጠይቅ መስመር የለውም። እሷ ግን ተናግራለች። በየእሑዱ «አልቻልኩም» የሚል መልእክት ልካለች፤ ለወንድሜ የቢሮ ኢሜይል። የዘጋሁት ኢሜይል።

አምስት እሑድ።

የመጨረሻው ቅጂ የየካቲት 30 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሠላሳ ስምንት ቀን የለም።

«እሑድ እሑድ እዪያት ብዬሽ ነበር» አለኝ።

«እናታችንን መስሎኝ ነው።»

ወደ ማያው ዞረ። «እሷንስ መቼ አየሻት?»

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ደንበኞች ሁሉ ቢሮ መጡ። ወንበር አልበቃም። አከፋፋዩ ቆሞ ነው የዋለው።

በመጀመሪያ የተናገረው ጥርስ ሠሪው ነው። ትንሽ ሰው ነው፣ ጣቶቹ ውስጥ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት አይጠፋም። የሰዎችን የአፍ ልክ በማሽን ይለካና እኛ ጋ ያስቀምጣል። «አርባ አንድ ሰው አፉን እንደገና ይከፍትልኛል» አለ። «አርባ አንድ አፍ! እኔ ግን ለእነሱ የምናገርበት አፍ የለኝም። ግማሾቹ እኮ ጥርሳቸው ተነቅሏል፣ እህቴ። በዕድሜ ታላላቆቼ ድድ ይዘው ይጠብቁኛል።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም።

መጋዘኑ ጠረጴዛውን መታ። «ጭልፋው እያለ እንዲህ ሆኖ አያውቅም! ማነው የቅጂውን ማሽን አያስፈልግም ብሎ ከዝርዝሩ የሰረዘው? ስም ንገሩን!»

ወንድሜ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር። ጠዋት የድሮውን ፋይል ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ፤ ከሸሚዙ ኪስ ጫፉ የወጣው ወረቀት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ከደብተር የተቀደደ ነው።

«ዝርዝሩን ያዘጋጀው ወንድሜ ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ያዘጋጀው እሱ ነው።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። ወረቀቱን የሚያወጣው መሰለኝ። ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋው።

«አዎ፣ ዝርዝሩ የእኔ ነው» አለ። «በደንብ ማብራራት ነበረብኝ። አንድ መስመር ጽፌ ሁሉም ይገባዋል አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ነጋዴ ሳይከራከሩት ዋጋ አይቀንስም። ዝም አልኩ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

መጋዘኑ ሄደ። ማሠልጠኛው ሄደ፤ ሳትናገር፣ እንደ ልማዷ። አከፋፋዩ ሰባት ቅርንጫፉን በአንድ ቀን አወጣ።

ጥርስ ሠሪው ግን ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለወንድሜ ሰጥቶታል። ወንድሜ ያገለገለ ሰርቨር አስገብቶበታል፤ አምስት ስድስት ደንበኛ ይዟል፤ በእጁ ነው የሚሠራው።

«ከእሱ ጋር ነው እንግዲህ የምትሠራው» አልኩት። «ጥፋቱን በፊትህ ካመነ ሰው ጋር!»

ጣቶቹን አራገፈ። «ወንድምሽን አራት ዓመት አውቀዋለሁ። ሲዋሽ አይቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አየሁት» አለ። «አያምርበትም፣ እህቴ።»

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ዛሬ ሄድኩ። በጠዋት። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ «ግቢ» ብቻ አለችኝ።

እናቴ መስኮቱ አጠገብ ነበረች። የእግሬን ኮቴ አውቃዋለች። «ሰባት እሑድ ቆጠርኩ» አለችኝ። «በአራተኛው በሩ ላይ ብርቱካን ተገኘ፤ ልጆቹ የሰፈር ሰው ነው አሉ። እኔ ግን አሸተትኩት። የአንቺ እጅ ሁልጊዜ አዲስ ጨርቅ ይሸታል፤ ከተውሽው ስንት ዓመትሽ?»

«ወንድሜስ?»

«አያትን ሊቀሰቅስ ሄደ አሉኝ» አለችና ሳቀች። «እኔ ያልተነሣሁ መስሏቸዋል።»

የጥርስ ሠሪው ጀርባ ክፍል በሁለት እርምጃ ያልቃል። መደርደሪያው ሁሉ የጄሶ መንጋጋ ነው፤ ተከፍቶ የቀረ አፍ። ሰርቨሩ መሬት ላይ፣ በሁለት ጡብ። ወንድሜ ቆጥ በሚያህል ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ማያውን ያያል። ስገባ ሰማኝ። ቀና ሳይል፣ «ቆይ፣ እስክትጨርስ» አለ።

ቆምኩ። ማያው ላይ ስሞች አንድ በአንድ ያልፋሉ። አማች። ምራት። እያንዳንዱ ሲያልፍ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ልጅ ሆነን በሮቹ መዘጋታቸውን ሲቆጥር እንዲያ ነበር የሚያደርገው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አሥር ጭልፋ አቅም ከአያት ወስዶ ወደ ቋቱ መለሰ። ከዚያ ነው ዞሮ ያየኝ።

ልናገር የመጣሁትን አዘጋጅቼዋለሁ። ተመለስ፤ በእኩል ድርሻ እንሠራለን፤ ሦስተኛውን ሰርቨር እንገዛለን። ጥሩ ስምምነት ነው። ሌላ ሰው ቢያቀርብልኝ እቀበላለሁ።

አፌን ሳልከፍት ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ። አራት ቦታ ታጥፎ ጠርዙ ተልጧል። «ይህ የአንቺ ነው» ብሎ ሰጠኝ። ዐሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ አረንጓዴው እንደ ትናንት ነው። ቀጥ ያለ መስመር ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መልሱን ከማሰቤ በፊት አፌ ተናገረ። «ጠይቄሃለሁ። ትከሻህን ነቀነቅህ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። መንጋጋዎቹ ሁሉ ተከፍተው ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ጠይቀሽኛል።»

ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ፣ ለደንበኛ እንደሚከፍት።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

የፕሮግራሙ ወረቀት እንደ ልማዱ ጠዋት መጣ። ሃያ ሦስት ሥራ ፈት። ከሃያ ሦስቱ አንዱ «ሥራ አስኪያጅ» ይላል፤ የእኔ ማሽን ነው። ዐሥራ አራት ቀን አልነካሁትም፤ ድርሻዬን ወስዶ ወደ ቋቱ መልሶታል። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። በቋቱ ውስጥ ደግሞ አሁን ለሰባት አከፋፋይ የሚበቃ ቦታ አለ፤ የሚወስደው የለም እንጂ።

በማይነኩት ዝርዝር ላይ አያትን በገዛ እጄ አስገባኋት። እሑድ ማለዳ ትነሣለች። የምትቀዳው ምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። የወንድሜን ፊት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማራቅ አቅቶኛል፤ ተጽፎ ያለውን ባሳየው አልኩ። አለ፤ በእጄ ጽሑፍ፣ በግልጽ፣ «ጠይቄው ነበር፤ ትከሻውን ነቀነቀ» ይላል። ደስ አለኝ። ማስረጃ ነው።

ቀኑን አየሁት። የካቲት 19። ሩብ ጉዳይ ለስድስት።

ረቡዕ ነው፤ ሐኪም ቤት ስልክ የሚያስጠፉበት ቀን።